ለሲኞራዋ የወሰድኩት ሻል

ሰው አገር ልሄድ ስነሳ ያስጨነቀኝ አውሮፕላኑ አልነበረም። የሚያውቁኝ ሁሉ ስለ አውሮፕላኑ ነው የሚጠይቁኝ፤ "አልፈራሽም? ጆሮሽን አልደፈነሽም?" ይሉኛል። እኔ ግን ቪዛው ተገኘ ከተባለበት ቀን ጀምሮ ቆሜም ተቀምጬም የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ምን ይዤ ነው የምገባው?

ለእህቴ የሚወሰደው የታወቀ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ በሶ፣ ትንሽ ኮረሪማ። ታናሼ ናት፤ እናታችን ስታርፍ ገና ልጅ ስለነበረች እኔው ነኝ ያሳደግኳት። ምን እንደምትወድ አውቃለሁ። የቸገረኝ የሲኞራዋ ጉዳይ ነው። እህቴ ጣልያን አገር አንዲት አሮጊት ትጠብቃለች፤ የምትኖረውም እዚያው አሮጊቷ ቤት ውስጥ ነው። ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች። ስትጠራቸው ሲኞራ ነው የምትላቸው። እኔን ለማስመጣት ወረቀት ሲያስፈልግ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። የማርፈውም እሳቸው ቤት ነው።

እህቴ በስልክ "ለሷ ምንም አትያዢ፣ ምንም አትፈልግም" ብላኛለች። እኔ ደግሞ እንዲህ ሲሉኝ ጭንቀቴ ይብሳል። ባዶ እጄን ብገባ የማፍረው እኔ ብቻ ብሆን ምንም አልነበረም። እህቴ በሰው ቤት፣ በሰው ዓይን ስር ነው የምትኖረው። "እህቴ፣ እህቴ" ስትላቸው የኖረችው ሴት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች የሚያዩት በእኔ እጅ ነው። የያዝኩት ነገር ካላማረ የሚቀለው የእሷ ፊት ነው።

ካዛንችስ የነበረው ቤታችን ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አብሮ ተነስቷል። አሁን እኔና ልጄ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው ያለነው። እኔ ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ እያበሰልኩ ስታዲየም አካባቢ አደርሳለሁ። ልጄ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ትቀበላለች። ከካዛንችስ ጀምሮ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ፤ እሳቸውም እንደኛ ተነስተው እዚሁ ቅርባችን ነው የገቡት። እትዬ ነው የምላቸው። ልጃቸው ጀርመን ስለሚኖር አንድ ጊዜ ሄደው አይተው መጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ውጭ አገር የሚጠየቀው እሳቸው ናቸው።

"ነጠላ ልወስድላቸው አስቤያለሁ፣ ሽሮ ሜዳ ወርጄ" አልኳቸው።

"ለፈረንጅ? አንቺ ደግሞ! እኔ ልጄ ጋ የሄድኩ ጊዜ ያን የመሰለ ጥበብ ለአከራዩ ሚስት ሰጠኋት። በማግስቱ ምን ባይ ጥሩ ነው?"

"ምን አዩ እትዬ?"

"ጠረጴዛ ላይ! ጠረጴዛ ላይ አንጥፋው፣ አበባ ማስቀመጫ አስቀምጣበት!"

"ውይ በሞትኩት!"

"ጥለቱ ላይ እኮ ነው ያስቀመጠችው፣ የአበባው ውኃ እየተንጠባጠበ። ልጄን በዓይኔ ባየው እሱ ይስቃል። ስሚኝ፣ ብርድ አገር ነው። የሚሞቅ ነገር ውሰጂላት። ፈረንጅ የሚያውቀውን ነው የሚወደው።"

ማታ ለልጄ ነገርኳት።

"እማ፣ ቡና ውሰጂላት በቃ" አለች፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

"ጣልያን ቡና አጥቶ ነው?"

"ከየት የሚያመጡት ይመስልሻል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ነጠላውም ጥሩ ነው፣ ማለቴ፣ እትዬ ያሉትን አትስሚ። ቢያነጥፉትስ? አምሯቸው ነው።"

እኔ ግን አንዴ የአበባው ውኃ ዓይኔ ላይ ከተንጠባጠበ በኋላ ነጠላ የሚባል ነገር አልታየኝም። የሚሞቅ ነገር አልኩ። የሚሞቅ ነገር ደግሞ ነበረኝ።

እዚህ ላይ ስለ ካርቶኖቼ መናገር አለብኝ። እህቴ ከሄደች ጀምሮ ሰው በመጣ ቁጥር ዕቃ ትልክልኛለች። ጫማ፣ አንሶላ፣ ፎጣ፣ ውኃ ማፍያ፣ ካፖርት። እኔ አልነካቸውም። ይሄ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም። ካዛንችስ ሳለን የብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ነበር፤ ሶፋው ከነላስቲኩ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከነላስቲኩ፣ ብርጭቆው ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ፣ እኛ በቆርቆሮ ኩባያ እንጠጣለን። ጥሩ ነገር ይቀመጣል። ለእንግዳ ይቀመጣል፣ ለልጅ ሰርግ ይቀመጣል። የእኔ ግን ከሌላውም ይብሳል። እኔ ከማስቀመጤ በላይ አልፈታም። በማሸጊያው ውስጥ እንደታጠፈ በላዩ አየዋለሁ፣ እዳብሰዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከፈታሁት እንደ አመጣጡ መልሼ አላጥፈውም ብዬ ነው።

የካዛንችሱ ቁም ሳጥን ውስጥ የቱ ከማን እንደመጣ በቦታው አውቀው ነበር። ስንነሳ ግን ጥድፊያ ሆነ፤ ልጄና የሰፈር ሰዎች ያገኙትን ባገኙት ካርቶን ከተቱ። አሁን ካርቶኖቹ ከአልጋዬ ጀርባ እስከ ኮርኒሱ ተደርድረዋል።

ሁለት ሻል እንደነበረኝ አስታውሳለሁ። አንዱን እህቴ ናት የላከችልኝ፣ አንዱን እትዬ ከጀርመን ሲመለሱ ነው የሰጡኝ። ሁለቱንም ፈትቼ አላየኋቸውም። ላይኛውን ካርቶን ሳወርድ ግራጫ ሻል አገኘሁ፤ በነጭ ስስ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ውስጥ። እትዬ ከሰጡኝ ብርጭቆዎች ጋር ስለነበር የእትዬ ነው አልኩ። የእህቴ ከታች የሆነ ቦታ ይሆናል። ከታች ለመፈለግ ሁሉንም ማውረድ ነበረብኝ፣ አላወረድኩም።

የእህቴን ሻል ለምን ፈልጌ እንደማላወጣው የማውቀው እኔ ነኝ። ሳይነስ ስላለብኝ ጠዋት ጠዋት ቤተክርስቲያን ስሄድ ብርዱ ይመታኛል። እሱን ብላ ነው የላከችልኝ። በደወለች ቁጥር "ሻሉን ትለብሽዋለሽ?" ትለኛለች። እኔም "እሱ አይደል ያዳነኝ! ዛሬም ለብሼው ሄድኩ" እላታለሁ። ውሸት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። እሷን ደስ ለማሰኘት የሚባል ነገር ነው። ደግሞም አንድ ቀን መልበሴ አይቀርም።

ስታዲየም ጋ ስጦታ የሚጠቀልል ሱቅ ወሰድኩት። የሱቋ ልጅ የሚያብለጨልጭ ወረቀት እየቆረጠች፣ "እናቴ፣ ዋጋ የተጻፈበት ነገር ካለ ይንቀሉት፣ ነውር ነው" አለችኝ።

በላስቲኩ በኩል አገላብጬ አየሁት። "ምንም የለውም" አልኩ።

"የድርጅት ስም እንኳን የለውም እኮ። የአገር ውስጥ ነው?"

"የውጭ ነው!" አልኳት፤ ቆጣ ብዬ ጭምር። በሪባን አስራ አበባ አደረገችልኝ። ያን የመሰለ ነገር ይዤ በታክሲ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስደርስ ሰኔ ነው። አገር ቤት ዝናብ ጀምሮ ስለነበር በሹራብ ላይ ሹራብ ደርቤ ነው የተሳፈርኩት። ከኤርፖርቱ ስንወጣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቴን መታኝ። እህቴ አቅፋኝ እያለቀሰች፣ "እታለም፣ ምንድነው ይሄ ሁሉ ልብስ?" ብላ ሳቀች። እኔ በዚያ ሰዓት የማስበው ሻንጣዬ ውስጥ ያለውን የሱፍ ሻል ነበር። እትዬ ብርድ ነው ያሉኝ እሳቸው በታኅሣሥ ስለሄዱ እንደሆነ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ቢሆንም የእነሱ ክረምት ይመጣል፣ ያኔ ይለብሱታል አልኩ።

ሲኞራዋ መስኮቱ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ ነበሩ። ትንሽዬ፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ጣታቸው የተጣመመ። እግራቸው ስር የክር ቅርጫት አለ፤ ኪሮሽ ነገር በእጃቸው ይዘዋል። አይቼዋለሁ። ክሩንም፣ መሥሪያውንም አይቼዋለሁ። አሮጊቶች ሁሉ የሆነ ነገር ይሠራሉ፤ አልኩና አለፍኩ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው ጉንጬን ሳሙኝ። ብዙ ተናገሩ። እህቴ "እንኳን ደህና መጣሽ፣ ስላንቺ ብዙ ሰምቻለሁ ትላለች" አለችኝ። እህቴ አንቺ ነው የምትላቸው፤ ቋንቋው እንደዚያ ነው አለችኝ፤ እኔ ግን እስክመለስ አልለመድኩትም።

ምሳ ከበላን በኋላ ስጦታውን አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

እኛ ዘንድ ስጦታ የሚቀበል ሰው "ምነው ተቸገርሽ" ይላል፣ ተቀብሎ ወደ ጓዳ ያስገባዋል፣ እንግዳው ሲሄድ ነው የሚፈታው። ሰጪው ፊት መፍታት ሆዳምነት ይመስላል። እኔ የጠበቅኩት ይሄንኑ ነበር። ሲኞራዋ ግን ሪባኑን እዚያው መፍታት ጀመሩ። እህቴን አየኋት፤ ፈገግ ብላ ቆማለች። እዚህ እንደዚህ ነው ማለቷ ነው። ወረቀቱን ሳይቀዱ ቀስ ብለው አነሱት። ላስቲኩን ከፈቱ። ስሱን ነጭ ወረቀት ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

መነጽራቸውን በእጃቸው ጠየቁ። እህቴ አቀበለቻቸው። ሻሉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። እኔም ገና ያኔ ነው ተዘርግቶ ያየሁት፤ ግራጫ ሆኖ ጠርዙን ዙሪያውን ቀጭን ሰማያዊ ዞሮታል። ከጠርዙ ጀምረው በጣታቸው እየነኩ ዞሩት። ገለበጡት። ሌላውን ጫፍ ያዙ። የሆነ ነገር እየፈለጉ ነው። ከዚያ ቀና ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

የእህቴ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ደርቋል።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"የት ጋ ነው የተቀደደው ትላለች።"

"ምኑ?"

"ሻሉ። እንድትጠግንልሽ ያመጣሽው መስሏታል።"

አሁንም አልገባኝም። "ለምንድነው እሳቸው የሚጠግኑት?"

"እሷ ናት እኮ የሠራችው፣ እታለም" አለችኝ፤ ድምጿ በጣም ዝቅ ብሎ። "ለአንቺ። የላኩልሽ ሻል ነው።"

ሲኞራዋ አሁንም ይፈልጋሉ። ቀዳዳ የለም፣ የላላ ክር የለም። ትከሻ የነካው ቦታ የለም። መጀመሪያ የታጠፈበት መስመር እንኳን ገና በደንብ ይታያል። እጃቸው በዚያ መስመር ላይ አንዴ ሄዶ ተመለሰና መፈለግ አቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ወለሉን ነው የማየው።

እህቴ በቋንቋቸው ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ሲኞራዋ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ እኔን አዩኝ፣ አንድ አጭር ነገር ብለው ሻሉን አጣጥፈው መለሱልኝ። ስጦታዬን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

ማድ ቤት ገባን። እህቴ ሰሃን ማጠብ ጀመረች። ልረዳት ብዬ ጨርቁን ሳነሳ ከእጄ ወሰደችው።

"የእትዬ መስሎኝ ነው" አልኳት። "ሁለት ነበረኝ፣ ካርቶኑ ተቀላቅሎ..."

"የእትዬ ቢሆንስ? የእኔ የታለ ታዲያ? ጠዋት ጠዋት የምትለብሽው?"

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ፍርፋሪ በእጄ መሰብሰብ ጀመርኩ።

"ሁልጊዜ ቁርሷን ስሰጣት ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? 'እህትሽ ዛሬ ቤተክርስቲያን ሄደች?' ትለኛለች። 'ሄደች' እላታለሁ። 'ለብሳው?' ትላለች። 'ለብሳው።' ከዚያ ነው ዳቦውን የምትበላው። ዓይኗ አያይም፣ ጣቷን አይተሽዋል። እየሠራች ታፈርሳለች፣ እንደገና ትሠራለች። ክረምቱን ሙሉ እኮ ነው የሠራችው።"

"ለምን እሳቸው ናቸው የሠሩት አላልሽኝም?"

ውኃውን ዘጋች። ዞራ አየችኝ። "የተገዛ ነው ካልኩሽ ትወጂዋለሽ ብዬ ነዋ።"

ይሄ ነው ከሁሉ የባሰብኝ። ያሳደግኳት ልጅ እኔን በደንብ ታውቀኛለች። የሰው እጅ የሠራው ነው ብትለኝ "አይ፣ ገንዘብ አጥሯት ነው" ብዬ አዝን ነበር። ዓይኔን የሚሞላው ከሱቅ የተገዛ፣ የውጭ የሚባል ነገር ነው። የሱቋን ልጅ እንዴት እንደተቆጣኋት ትዝ አለኝ።

"ለልጅቷ ሰርግ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት" አልኩ።

"ለልጅቷ ሰርግ ሌላ እልካለሁ! ያ ላንቺ ነበር። አንቺ እንዲሞቅሽ ነው።" ከዚያ ድንገት እንደገባት ሰው ዓይኗ ፈጠጠ። "ጫማውስ?"

የታጠቡትን ሰሃኖች መደርደር ጀመርኩ።

"ካፖርቱስ? እታለም፣ ካፖርቱ? ውኃ ማፍያውስ? ሁሉም ካርቶን ውስጥ ነው?"

"በደንብ ነው የያዝኩት" አልኩ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ሳቀች። ሳቁ ግን ደስ አይልም። "እኔ በብርድ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ እሷ እንኳን ሞቋታል እያልኩ ነበር" አለች።

"ለሲኞራዋ ምን አልሻቸው?" አልኳት።

"እንዴት አድርጋ እንደያዘችው ልታሳይሽ ነው ያመጣችው አልኳት።"

"አመኑ?"

"አሮጊት ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም።"

"መጨረሻ ላይ ያሉትስ?"

"ሱፍ ሆኖ እስካሁን ብል አለመብላቱ ይገርማል አለች።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻሉን ለበስኩት። በዚያ ሙቀት። ቁርስ ላይ ለብሼው እወጣለሁ፣ ምሳ ላይ ለብሼው እቀመጣለሁ፣ ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። ገበያ ስንሄድ እህቴ "አውልቂው፣ ሰው እያየን ነው" ትለኛለች፤ አላወልቅም። ሲኞራዋ ያዩኛል። አንድ ቀን በእጃቸው ፊታቸውን እያራገቡ፣ ወደ ሻሉ እየጠቆሙ አውልቂው አሉኝ በምልክት። እኔ ብርድ እንደያዘው ሰው በሁለት እጄ ጭብጥ አድርጌ ይዤው "አይ፣ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" አልኩ በአማርኛ። በጣም ሳቁ። አብሬያቸው ሳቅኩ፣ ግን ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

እሑድ ከእህቴ ጋር ወደ አበሾቹ ቤተክርስቲያን ስንሄድ ነጠላዬን ለብሼ ነበር። የራሴ ነው፣ የምለብሰው፣ የታጠበ የተተኮሰ። ሲኞራዋ በር ላይ ይዘው አስቆሙኝ። ጥለቱን በጣታቸው ያዙት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ ለእህቴ የሆነ ነገር ጠየቁ።

"ማን ነው የሠራው ትላለች።"

"ሽማኔ" አልኩ።

"የትኛው ሽማኔ ትላለች።"

አላውቅም ነበር። ከሽሮ ሜዳ ነው የገዛሁት፤ ማን እንደሠራው ጠይቄ አላውቅም። በዚያች ደቂቃ አውልቄ ልሰጣቸው ፈልጌ ነበር። እጄ ትከሻዬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የተለበሰ ነገር እንዴት ይሰጣል? ለሰው የለበስኩትን ብሰጥ ሌላ ነውር ይሆናል ብዬ ተውኩት። እስካሁን ይቆጨኛል። አንዴም ለብሼ የማላውቀውን ስሰጥ ያላፈርኩ ሰው፣ የለበስኩትን ለመስጠት አፈርኩ።

ስመለስ እህቴ ሻንጣዬን ራሷ አዘጋጀችልኝ። ኤርፖርት ላይ ሳነሳው ቀለለኝ። ሁልጊዜ በሰው እጅ ስንት ነገር የምትልክ እህቴ ለልጄ ቸኮሌት ብቻ ነው የጨመረችው።

"ይሄ እንኳን ይበላል" አለችኝ። ስማኝ፣ አቅፋኝ፣ አልቅሳ ነው የሸኘችኝ። ቅር ብሎኛል አላለችኝም፤ ሆኖም ያን ቀላል ሻንጣ ስጎትት ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ቤት እንደገባሁ ካርቶኖቹን ሁሉ አስወረድኩ። ልጄ ከሥራ መጥታ ወለሉ ላይ አብራኝ ተቀመጠች። ጫማዎቹን ስናወጣ ሶላቸው በእጃችን ላይ ተፈረፈረ። አንድም ቀን ሳይረገጥ፣ ተቀምጦ ብቻ።

"እማ፣ ይሄ እኮ የእኔ ቁጥር ነበር" አለች ልጄ፣ ፍርፋሪውን እያራገፈች።

"ለሰርግሽ ነበር።"

"ማን ሊያገባኝ ነው በዚህ ጫማ!"

የእትዬን ሻል ከሁሉ በታች አገኘሁት። ግራጫም አይደለም፣ አረንጓዴ ነው።

አሁን ካፖርቱን ልጄ ትለብሰዋለች። ውኃው በማፍያው ይፈላል። በቡፌ ብርጭቆ እንጠጣለን፤ አንዱ ተሰብሯል። እኔም ጠዋት ጠዋት ሻሉን ለብሼ ነው ቂርቆስ የምሳለመው። ይሞቃል። ለካ እንዲህ ይሞቃል። ግን እህቴ ስትደውል ስለ ሻሉ አትጠይቀኝም። ስለ ልጄ ትጠይቃለች፣ ስለ ሳይነሴ ትጠይቃለች፣ ስለ እትዬ ትጠይቃለች። እኔ ሳትጠይቀኝ፣ "ዛሬም ለብሼው ሄድኩ" እላታለሁ። "እሺ እታለም" ትለኛለች። ያችው ቃል ናት፣ ድሮም እንደዚሁ ነበር የምላት፤ አሁን እውነት ስትሆን ምን ጨምሬ ልበላት? ልጄ ፎቶ አንስታኝ ላከችላት። "ያምርብሻል" ብላ መለሰች። ያምርብሻል። ለፎቶ ለብሼ ያወለቅኩት ነው የመሰላት ብዬ ቀኑን ሙሉ ከፋኝ። ቢመስላትም አልፈርድባትም።

አንድ ጠዋት ግን ሜክሲኮ ታክሲ ስሳፈር ወያላው "ጠጋ በሉ እናቶች፣ ጠጋ ጠጋ!" እያለ በሩን ጎተተው። የበሩ ቆርቆሮ ሻሉን ያዘው።

"ኧረ ሻሏን! ሻሏን ያዘው!" ብለው ሴቶቹ ጮኹ።

ወያላው ከፈተው፣ ጊዜው ግን አልፏል። ትከሻው ላይ ተቀዶ ክሩ መተርተር ጀምሯል። የሚተረተረውን ክር በሁለት ጣቴ ጨብጬ፣ ሳልለቀው ቤት ድረስ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ ነው። ልጄ የማታ ተረኛ ሆና አድራ ስለነበር ቤት አገኘኋት።

"ምን ሆንሽ እማ?"

"ቀደድኩት።"

"አሳይኝ። ይሄማ ይሠራል፣ ካዛንችስ ኪሮሽ የምትሠራ ሴት አልነበረችም?"

"አይ" አልኩ። "አክስትሽ ጋ ደውይልኝ። ምስሉ የሚታየውን።"

እህቴ ደንግጣ ነው ያነሳችው፤ እኔ ደውዬላት አላውቅም፣ ሁልጊዜ የምትደውለው እሷ ናት።

"ሻሉ ተቀደደ" አልኳት።

"ምን?"

"ሻሉ። ሜክሲኮ የታክሲ በር ያዘው።"

አተኩራ አየችኝ። ፀጉሬ እንደተንጨበረረ፣ ክሩን በጣቴ እንደያዝኩ ነኝ። "ከምር?" አለች። ድምጿ ልክ ልጅ ሆና ገበያ ይዤሽ እሄዳለሁ ስላት እንደምትለኝ ሆነ። ከዚያ ስልኩን እንደያዘች ተነስታ ወደ ሌላ ክፍል ሄደች፤ ጣራው፣ በሩ፣ መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ ታየኝ፤ በቋንቋቸው ስትናገር ሰማሁ፣ ቀጥሎ የሲኞራዋን ቀጭን ድምፅ። ምን እንዳሉ ሳትነግረኝ አውቄዋለሁ።

"የት ጋ ነው የተቀደደው ትላለች" አለችኝ እህቴ።

ስልኩን ለልጄ አስያዝኳትና ሻሉን በሁለት እጄ ዘርግቼ ወደ ስልኩ አስጠጋሁት።

"እዚህ ጋ" አልኩ። "ትከሻው ላይ።"